ጸረ ቫይረሱን ላስጠፉልን ክቡር ዲን፣ ከተቆለፈ ግምጃ ቤት

ይድረስ ለክቡር የነርሲንግ ኮሌጃችን ዲን፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ደም ግፊትዎስ ረገብ አለልዎ? ወገብዎስ? እኔ አሁን ያለሁበት ሁኔታ ለሌላ ሰው ጤና ለመመኘት ሰፊ ጊዜ ስለ ሰጠኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የእርስዎን ጤና ስመኝ እውላለሁ። ከልቤ ነው የምልዎት፤ እርስዎ ቢታመሙብኝ ይህን በር የሚያስከፍትልኝ ሌላ ፈራሚ በግቢው ውስጥ የለምና፣ እባክዎን ለእኔ ሲሉ ራስዎን ይጠብቁ።

ከሥራ ብዛት የተነሳ ረስተውኝ እንደ ሆነ ራሴን ላስታውስዎ። እስካለፈው ወር ድረስ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበርኩ፤ የተማሪ ውጤት ሁሉ በእኔ እጅ ገብቶ በእኔ እጅ ይወጣ ነበር። ከዚያ የፋርማኮሎጂ መምህሩ ራሳቸው የጣሏቸውን ተማሪዎች ካለፉት መካከል አግኝተው፣ መድኃኒት መጥኖ መስጠት የማይችል ልጅ ነርስ ሆኖ ሊወጣ ነው ብለው እየጮኹ ቢሮዎ ድረስ መጡ። ሲስተሙ ሲታይ ውጤቶቹ የተቀየሩት በእኔ የተጠቃሚ ስም፣ ከእኔ ኮምፒውተር ሆኖ ተገኘ። እርስዎም አገዱኝ። በመጪው ሰኞ ጠዋት ደግሞ ያ ኮምፒውተር «ሥራው በንጽሕና እንዲጀመር» ፎርማት እንዲደረግ፣ እኔም በዚያው ዕለት ለፖሊስ ተላልፌ እንድሰጥ አዘዋል።

ክቡርነትዎ፣ እኔ የአንድም ተማሪ ውጤት አልቀየርኩም። ይህን ሊመሰክርልኝ የሚችል በምድር ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ሰኞ ጠዋት ሙልጭ ተደርጎ እንዲታጠብ የፈረዱበት ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ልመና ነው። ልመና ደግሞ በምስጋና ቢቀድም ደስ ስለሚል፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

ተራ ቁጥር አንድ፤ ስለ ጸጥታው አመሰግንዎታለሁ።

ያስታውሱ እንደ ሆነ፣ እንግዶች የመጡ ዕለት በትልቁ አዳራሽ ውስጥ የኮሌጁን ዕድገት በስክሪን እያሳዩ ሳለ፣ ጸረ ቫይረሱ ከአንድ ባለ ቀለም ግራፍ ላይ ብቅ ብሎ «አደገኛ ፋይል ተገኝቷል» የሚል ቀይ ሳጥን ዘረጋ። እንግዶቹ ሳቁ። የእርስዎም ፊት ከሳጥኑ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያዘ። ሳጥኑ ሲያወራለት የነበረው ፋይል እርስዎ በፍላሽ ይዘውት የመጡት፣ የምስጋና ምስክር ወረቀት የሚያትመው አዲስ ፕሮግራም ነበር። ለምስክር ወረቀት ያለዎትን ፍቅር ግቢው በሙሉ ያውቀዋል፤ በዚህ ኮሌጅ በር ላይ ላላንቀላፋ ዘበኛም፣ ስብሰባ ላይ ላላንቀላፋ መምህርም ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ፕሮግራሙ በገበያ ላይ ውድ ነው፤ ለእርስዎ ግን አንድ ወዳጅዎ ቁልፉን ሰብሮ በነጻ ሰጠዎት። ወዳጅዎ ማን እንደ ሆኑ አላውቅም፤ እሳቸውም ከየት እንዳመጡት የሚያውቁ አይመስለኝም።

በማግስቱ «ያ አሳባቂ ነገር ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይጥፋ» አሉ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፤ «አሳባቂ» ነው ያሉት። ፕሮግራሙም ገና ሲከፈት «ከመጫንዎ በፊት ጸረ ቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ስለ ነበረው፣ የእርስዎ ትእዛዝና የፕሮግራሙ ፍላጎት ግጥም አለ። አንድ የማናውቀው ሰው «ልመጣ ነውና አስቀድማችሁ ዘበኛውን አሰናብቱልኝ» ቢለን በሩን የምናጠብቅ ይመስለኝ ነበር። እኛ ግን ሁላችንም አሰናበትን፤ ባወጡት የትእዛዝ ደብዳቤ ግርጌ «ያልጫነ ሠራተኛ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ይታይበታል» ተብሎ ነበርና። ፈጥነው ከጫኑት አንዷ ስለ ሆንኩ «ለቴክኖሎጂ ዝግጁነት» የሚል ምስክር ወረቀት በእጅዎ ሰጡኝ፤ ፎቶም ተነሳን። ወረቀቱ ዳር ዳሩን ወርቅማ ሐረግ አለበት። እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ በሐረግ አይታማም።

ተራ ቁጥር ሁለት፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ትምህርት እንድማር ስላደረጉኝ አመሰግንዎታለሁ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትሮጃን፣ ባክዶር ሲባል ብሰማ የሰፈር ጎረምሶች ቅጽል ስም ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከመታሰሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከመታገዴ በፊት የኔትወርክ ባለሙያችንን ጄነሬተር ክፍል ድረስ ሄጄ ጠይቄው ገብቶኛል። ባለሙያው ጄነሬተር ክፍል የተገኘው እርስዎ ስለ መደቡት ነው፤ ጸረ ቫይረሱ እንዳይጠፋ እየደጋገመ ማስታወሻ ስለ ጻፈልዎ፣ ማስታወሻ የማያስጽፍ ሥራ ሰጡት።

እሱ እንዳስረዳኝ ይህ ትሮጃን የሚባል ነገር እንደ ጉንፋን በራሱ እየዘለለ አይገባም። «እትዬ፣ የምትፈልጊውን ነገር መስሎ ነው የሚመጣው፤ በገዛ እጅሽ ነው የምታስገቢው» አለኝ። ምስክር ወረቀት የሚያትመው ፕሮግራም በእርግጥም ምስክር ወረቀት ያትማል፤ ባያትም ኖሮ እንጠረጥረው ነበር። ነገር ግን እኛ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ እሺ» እያልን ስንጭነው፣ ባክዶር ማለትም የጓሮ በር የሚሉት ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ከጀርባው ሾልኮ ገብቶ፣ ከኮምፒውተሩ የራሱ ፋይሎች ጋር የሚመሳሰል ስም ለብሶ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። መስኮት አያሳይም፣ ድምፅ አያሰማም። ዝም ብሎ በኢንተርኔት በኩል ወደ ጌታው ይደውላል።

እዚህ ላይ ነው እኔን ያስገረመኝ። ኮሌጁ ከውጭ የሚመጣን የሚከለክል ፋየርዎል እንዳለው እርስዎም በየስብሰባው ይናገራሉ። ይህ ነገር ግን የሚደውለው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለ ሆነ፣ የእኛ ፋየርዎል ከቤት የወጣ የቤት ሰው መስሎት ያሳልፈዋል። ጌታው አንዴ ካነሳለት በኋላ፣ የት አገር እንደ ተቀመጠ የማይታወቅ ሰው የእኔን ስክሪን እንደ እኔው ያየዋል፤ የምጽፈውን ፊደል በፊደል ያነበዋል፤ የይለፍ ቃሌን ይለቅማል፤ ሲያሻው ማውዙን ራሱ ይይዛል፤ ጸረ ቫይረስ ቢጫን መልሶ ያጠፋል፤ ሌላ ጓደኛውንም ይጠራል፤ ገንዘብ ለሚከፍለው ሰው ደግሞ የተፈለገውን ይቀይርለታል። ሲስተሙ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚመዘግበው በእኔ ስም ነው፤ ምክንያቱም እጁ የእሱ ቢሆንም ወንበሩ የእኔ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል ብዬ ብጠይቀው፣ ልጁ ብዙም አልተራቀቀብኝም። ሶፍትዌር ከሠሪው እንጂ ከወዳጅ ፍላሽ አይወሰድም አለኝ፤ በተለይ ቁልፉ የተሰበረ ነገር፣ የሰበረው ሰው በነጻ የሚደክምበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። ጸረ ቫይረሱ ሲጮህ ለምን ጮኸ ይባላል እንጂ ዝም አይሰኝም። ኮምፒውተሩና ፕሮግራሞቹ ማሻሻያ ሲመጣላቸው ነገ ዛሬ ሳይባል ይሰጣቸዋል። ፋየርዎሉ የሚገባውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣውንም እንዲያይ ይደረጋል። የማናውቀው ኢሜይል ላይ የተያያዘ ነገር አይከፈትም። ውጤት የመሰለ ከባድ ነገር ደግሞ ቅጂው ከኢንተርኔት ውጭ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ይኸው ነው። ይህ ሁሉ እርስዎ ለአንድ የምስክር ወረቀት መስጫ ሥነ ሥርዓት ከሚያዘጋጁት ንግግር ያጠረ ነው።

ተራ ቁጥር ሦስት፤ ስለ አንድነታችን።

«አንድ ቤተሰብ ነን፣ ከቤተሰብ የሚደበቅ የለም» ብለው ለመላው ጽሕፈት ቤት አንድ የይለፍ ቃል ስለ ሰጡን፣ ያም የይለፍ ቃል የኮሌጁ ስምና የተመሠረተበት ዓመት በመሆኑ፣ በዋናው በር ላይም በትልቅ ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ማንም ሠራተኛ ረስቼዋለሁ ብሎ ሥራ እንዳይፈታ ሆኗል። ሁላችንም በአስተዳዳሪ መብት እንድንገባ ስለ ፈቀዱልን ደግሞ፣ አንዷ ጸሐፊ ደብዳቤ ልትጽፍ ስትከፍት ኮምፒውተሩን ከሥሩ የመቀየር ሥልጣን ይዛ ትገባለች፤ ከእሷም ጋር ያ ድብቅ እንግዳ እኩል ሥልጣን ይዞ ይገባል። ከይለፍ ቃል በኋላ በስልክ የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረን ብሎ ባለሙያው ሲጠይቅ፣ «እርስ በርስ አንተማመንም ማለት ነው?» ብለው በሰው ፊት ያሸማቀቁት ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። አሁን ሳስበው፣ መተማመኑስ ይቅርና ያን ጊዜ ስልኬ ላይ አንድ ቁጥር ብትመጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልገኝም ነበር።

ተራ ቁጥር አራት፤ የአቤቱታው ሥርዓት ግልጽ በመሆኑ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬን ለዲኑ ጻፍኩ። ዲኑ፣ ማለትም እርስዎ፣ «ለአጣሪ ኮሚቴው ይመራ» አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እርሳቸውም እርስዎው ነዎት፣ በጥሞና ከመረመሩት በኋላ «ጉዳዩ የበላይ ኃላፊን ስለሚመለከት ለዲኑ ይመለስ» አሉ። ዲኑም «ኮሚቴ ያየው ጉዳይ ዳግም አይታይም» ብለው ዘጉት። በሦስቱም ወረቀቶች ላይ ያረፈው አንድ ቲተር ነው፤ ቀለሙ እንኳን አልተቀየረም።

ውጤት ከተቀየረባቸው ቀናት በአንደኛው እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ውስጥ ራስጌዋ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ፈቃዱንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ለኮሚቴው ብነግር «ከሆስፒታል ሆነሽ በስልክሽ ገብተሽ ይሆናላ» ተባልኩ። እንዲያ ከሆነ፣ ከውጭ መግባት የሚቻል ከሆነ፣ ሌላም ሰው ከውጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል አይደለም ወይ ብል፣ «የኮሌጁ ሲስተም ከግቢ ውጭ በፍጹም አይከፈትም» ተባልኩ። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ከነበርኩ ስለ ነበርኩ ጥፋተኛ ነኝ፤ ካልነበርኩም ባለመኖሬ ጥፋተኛ ነኝ። ኮምፒውተሩ በባለሙያ ይታይልኝ ስል «የታገደ ሠራተኛ በኮሌጁ ንብረት ላይ ጥያቄ አያቀርብም»። የኔትወርክ ባለሙያው ይጠየቅልኝ ስል «እሱ የጄነሬተር ሠራተኛ ነው»። እንግዲያው ሥራዬን ልልቀቅ ስል «በምርመራ ላይ ያለ ሠራተኛ አይለቅም»። ቢያንስ የዓመት ፈቃዴን ልውሰድ ስል «የታገደ ሠራተኛ ሥራ ላይ ስላልሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም»። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ለቅሶው ሲመጣ ማቆም አቃተኝ። ምን ይውጠኛል፣ ክቡርነትዎ? በየትኛው በኩል ብዞር ግድግዳ ነው።

ተራ ቁጥር አምስት፤ ስለ ማረፊያዬ።

ከሥራ ታግደው ነገር ግን በሥራ ሰዓት ከግቢ እንዳይወጡ፣ በግቢም ውስጥ ኮምፒውተር ካለበት ክፍል እንዳይደርሱ የሚል ትእዛዝ ለማሟላት የሚያስችል አንድ ክፍል ብቻ ስለ ነበር፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ደረሰኝ። መስኮቱ ከቁመቴ በላይ ነው። በሩ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ቀለማቸው የደረቀ ፕሪንተሮችና ተማሪዎች መርፌ ይለማመዱበት የነበረው የላስቲክ ሰው ናቸው። የላስቲኩ ሰው አንድ እጁ ተነቅሏል፤ ቢሆንም ከኮሚቴው ይልቅ ያዳምጠኛል።

መጸዳጃ ቤት መሄድ ስፈልግ ለዘበኛው ጋሼ እደውላለሁ። እሳቸውም «መጣሁ ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ ደግሞ የት ገባ» እያሉ፣ እያፈሩ ይከፍቱልኛል፤ ሲመልሱኝም «እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው» ሳይሉ ቆልፈውብኝ አያውቁም። ጠዋትና ማታ ቦርሳዬን የሚፈትሹትም እሳቸው ናቸው። ፍላሽ ይዤ እንደ ሆነ ለማየት የእጅ ቅባቴን ሳይቀር ከፍተው ያያሉ። ያን ጊዜ ከላይ ፎቅ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ማንም ሳይፈትሻቸው ከማያውቁት ሰው ጋር ሲያወጉ ይውላሉ።

ተራ ቁጥር ስድስት፤ በእኔ ቦታ የእህትዎን ልጅ ስለ መደቡ።

ይህን ያለ ምጸት ነው የምጽፈው። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች፣ ያላወቀችውን ለመጠየቅ አታፍርም። አጎቷ ዲን መሆናቸውን ለማንም አትናገርም፤ እኔም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ለአዲስ ሠራተኛ የራሷ የተጠቃሚ ስም እንዲከፈትላት ኮሚቴው መወሰን ስላለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ የእኔን ጉዳይ ሳይጨርስ ሌላ ስለማያይ፣ «ሥራ አይቁም» ተብላ በእኔ ስም፣ በእኔ የይለፍ ቃል፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንድትሠራ ተደረገ። እኔ ተቆልፎብኝ ተቀምጬ ስሜ ግን ከፎቅ ላይ ሥራ ይገባል፣ ይወጣል።

ማክሰኞ ከሰዓት ሳልደውል በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ጋሼ ከኋላቸው የእህትዎን ልጅ ይዘው ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ እጄን አንስቼ ነበር፤ በእናቴ እምላለሁ እጄን አንስቼ ነበር» እያለች ገባች። ቀስ በቀስ ስታወራልኝ፣ ውጤት እያስገባች ሳለ ስልኳን ለማንሳት እጇን ከማውዙ ላይ ስታነሳ፣ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። የአንዲት ተማሪን መዝገብ ከፈተች፣ የወደቀችበትን ትምህርት አሳለፈቻት፣ አስቀመጠች፣ ዘጋች። ልጅቷ ቁጭ ብላ እያየች ነው። እውነቴን ልናገር፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነበር፤ አላበድኩም ለካ አልኩ። ቀጥሎ ግን ጉዷ እንደ ፈላ ገባኝ፤ ምክንያቱም እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ አውቀዋለሁ።

ባለሙያው ያስተማረኝን ነገርኳት። ኮምፒውተሩን አታጥፊው፣ ስታጥፊው ሌባው በውስጡ የተወው አሻራ ግማሹ አብሮ ይጠፋል፤ የኢንተርኔቱን ኬብል ብቻ ንቀይ፣ ዋይፋይም ካለው ዝጊው፤ ስክሪኑን በስልክሽ ቅረጪው፤ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ምንም የይለፍ ቃል እንዳትጽፊ፤ የይለፍ ቃሎቹ የሚቀየሩት ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ነው፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም አይንካው። እየሮጠች ሄዳ እንዳልኳት አደረገች። ባለሙያውንም ከጄነሬተር ክፍል ጠርታ አሳየችው፤ እሱም ስክሪኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ረቡዕ ጠዋት ያየችውን በሙሉ በጽሑፍ ለኮሚቴው አስገባች። እኔ ብሆን ለማስገባት እፈራ ነበር። እሷ ግን ገና ጀማሪ ስለ ሆነች ጽሑፍ የሚነበብ መስሏታል።

ዛሬ ሐሙስ ሁለት ደብዳቤ ከእርስዎ ወጣ። አንደኛው ለእኔ ነው፤ «ማክሰኞ ከሰዓት በስምሽ ተጨማሪ ውጤት ስለ ቀየርሽ ክሱ ተደርቦብሻል» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ማክሰኞ ከሰዓት እኔ በእርስዎ ትእዛዝ፣ በእርስዎ ቁልፍ፣ በእርስዎ ዘበኛ ተቆልፎብኝ ከላስቲክ ሰው ጋር ተፋጥጬ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤ «ተተኪዋ ሠራተኛ ግብረ አበር ሆና ስለ ተገኘች ከዛሬ ጀምሮ ታግዳ ከዋናዋ ተጠርጣሪ ጋር በግምጃ ቤት ትቆይ፤ ሰኞም አብራ ለሕግ ትቅረብ» ይላል። የልጅቷ ስም የለበትም። ስም ቢኖርበት ኖሮ ምናልባት እስክሪብቶዎ ትንሽ ቆም ይል ነበር። ያን ፕሮግራም ሲጭኑ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ እሺ» እንዳሉት ሁሉ፣ ይህንንም ሳያነቡ እሺ ብለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ ነገር ማመን አልፈልግም።

አሁን ልጅቷ አጠገቤ ናት። ጠዋት ደጋግማ ደወለችልዎ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት። በጸሐፊዎ በኩል ብትሞክር «የታገደ ሠራተኛ ክቡር ዲኑን የሚያገኘው በኮሚቴው በኩል ነው» ተባለች። የእህት ልጅነቷን ልታነሳ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ቢሮ ውስጥ አጎቴ አትበይኝ ብሎኛል» አለችኝ። ልጅ እያለች ፈተና ስታልፍ ደስ ብሏት ቀድማ የምትነግረው ለእርስዎ እንደ ነበርም አጫወተችኝ። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ማልቀሱን እኔ ሠራሁላት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ምጸቱን እዚህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰኞ ያንን ኮምፒውተር አያስነኩት። ውስጡ ያ ነገር አለ፤ መቼ እንደ ገባ፣ ከየትኛው ፕሮግራም ጋር እንደ ገባ፣ ለማን ሲደውል እንደ ነበር ሙያው ያለው ሰው ሊያነበው ይችላል። ከኮሌጁ ውጭ ያለ መርማሪ ይጥሩ፣ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ይውሰድ፣ ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ያጥቡት። ሲያጥቡም የእኔን ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ሁሉም ሰው ጭኗል፣ በቅድሚያም እርስዎ። አሁን እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ የእርስዎ ኮምፒውተር ከማን ጋር ስብሰባ ላይ እንዳለ አላውቅም። ያን ባለሙያም ከጄነሬተሩ ያላቁልን። ኮምፒውተሩ ከታጠበ ግን ለእኔም ለልጅቷም የሚመሰክር አይኖርም። ስማችን ብቻ ይቀራል፣ ስማችን ደግሞ ተከሷል። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ለራሴ ፈርቻለሁ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ከራሴ ይልቅ ለሷ እፈራለሁ። እኔ ብዙ ዓመት ሠርቼ የሚያውቀኝ ሰው አለ። እሷን ገና ማንም አያውቃትም፤ የምትታወቀው በዚህ ሊሆን ነው።

ለሰጡኝ የዕረፍት ጊዜ፣ ላስተማሩኝ ትምህርት፣ ላልተነፈገኝ ግድግዳና ስለ መልካም አስተዳደርዎ በቃላት የማይወጣ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ንጹሕ ኮምፒውተርና ደብዳቤ የሚነበብበት ትርፍ ጊዜ እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከውጭ ከተቆለፈ በር ጋር፣

የቀድሞዋ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
የአሁኗ የግምጃ ቤት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ነገ ጠዋት ስገባ በእጄ የሚለጠፍ
ለመምህራን ማረፊያ ክፍል
ለጄነሬተር ክፍል
(ለክቡርነትዎ በኢሜይል አልተላከም፤ የተያያዘ ነገር ሲያዩ ስለሚከፍቱ ልማዱን ላለማባባስ ነው።)

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ጨርሼ ሳጣጥፍ የልጅቷ ስልክ ጮኸ። እናቷ፣ ማለትም እህትዎ፣ ነበሩ። ልጅቷ «አቤት እማዬ» ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም የሆነውን ሁሉ አስረዳኋቸው። እህትዎ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄን ሌባ ብሎ የፈረመባት ማነው? ስሙን አንብቢልኝ» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ማኅተሙ ስሙ ላይ ስላረፈ በደንብ አይነበብም ብዬ ዋሸሁልዎ። «ግድ የለም፣ ነገ ጠዋት መነጽሬን ይዤ ራሴ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።